ሁለት እግር ያገኘችው የብር ወፍ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይህን ታሪክ ጮክ ብሎ መናገር አይገባም።

ድሮ ነው። ጨረቃ የለችም፤ ዶሮ ሊጮህ ጥቂት ቀርቶታል። መንገዱ በገደልና በቀጋ ቁጥቋጦ መሐል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ቢያድግልኝ የሚባል አንጥረኛ ብቻውን ይሄዳል። ለምን ብቻውን? ማን አብሮት ይሂድ! «አንጥረኛ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል» ይሉ ነበር የመንደሩ ሰዎች። እሱ ደግሞ፣ ምስኪን፣ ጅብ ሲፈራ ለጉድ ነው።

በስልቻው ውስጥ ምን ይዟል? የፊታውራሪውን የብር ማንቆርቆሪያ። ፈረንሳይ አገር የተሠራ ነው። ያኔ የፈረንሳይ አንጥረኞች በጃፓን ሥዕል ፍቅር ወድቀው ነበር አሉ። በማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ፣ ኢናሜል በሚሉት ከቀለጠ ብርጭቆ በሚሠራ ቀለም፣ አንዲት ሰማያዊ ወፍ በአንድ እግሯ ቆማለች። ሌላውን አጥፋ ላባዋ ውስጥ ደብቃዋለች። ፊታውራሪው ይህን ምን ያውቃሉ?

«በልጄ ሠርግ አንካሳ ወፍ አላቀርብም» አሉት። «እግሯን ቀጥልላት። ጠዋት ካላደረስክ፣ ወይ አንድ ነገር ከጎደለ፣ እግር ብረት አስገባሃለሁ።»

ቢያድግልኝም ከብር አንድ እግር ቀጥቅጦ ገጠመላት። እስቲ ንገሩኝ፣ ሁለት እግር ያገኘ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ከስልቻው ውስጥ ኳ አለ። ቢያድግልኝ ቆመ። ድምፁም ቆመ። ሄደ። ኳ፣ ኳ። ከዚያ ስልቻው ቀለለው። ከዚያ ከኋላው የእርምጃ ድምፅ መጣ። ዞር አለ? አልዞረም። እናንተ ትዞሩ ነበር? ማንቆርቆሪያውን አውጥቶ በጣቱ ዳበሰው፤ ወፏ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። ይሄኔ እግር ብረቱ ትዝ አለውና ዞረ።

ሰው የምታህል ሰማያዊ ወፍ መንገዱ ላይ ቆማለች።

«የኔ ወንድም፣ የጃፓን መንገድ በየት ነው?» አለችው።

«የምን?»

«የጃፓን። የጃፓን ወፍ ነሽ ይሉኛል። የሠራኝ ፈረንሳዊ ግን ጃፓንን አላየም፤ ከወረቀት ላይ ነው የገለበጠኝ። እኔም አገሬን አላየሁም።»

ቢያድግልኝ አዘነላት። እውነቴን ነው፣ እየተንቀጠቀጠ አዘነላት። ግን ሊነጋ ነው። ምን ይበል?

«እኔም ወደዚያው ነኝ። ፊታውራሪው ጃፓናዊ ናቸው። ግቢና ላድርስሽ» አላት። ወፏም ወደ ማንቆርቆሪያው ተመልሳ ገባች።

በሠርጉ ማንቆርቆሪያው ጠጅ ተሞልቶ ቀረበ። ፊታውራሪው ብርሌያቸውን ሲዘረጉ ወፏ አንገቷን ከብሩ አወጣች።

«ጌታዬ፣ ጃፓናዊ ነዎት?»

እንግዳው ሁሉ ወደ ፊታውራሪው ዞረ። ማንቆርቆሪያውን አስረክቦ በር ላይ የቆመው ቢያድግልኝ እግር ብረቱን አሰበ። ፊታውራሪው ደግሞ በሰው ፊት «አይደለሁም» ብለው አያውቁም። ጢማቸውን ዳበሱ።

«እንዴታ! በአባቴም በእናቴም» አሉ።

እሳቸው ነኝ ካሉ ማን ይቀራል? እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ «እኛም ነን» አለ፤ ሚዜዎቹ ሳይቀሩ። ወፏ አንድ በአንድ አየቻቸው። እንደ እሷ ሰማያዊ የሆነ ሰው ግን አጣች። ከማንቆርቆሪያው ወርዳ እየተራመደች ወጣች።

ቢያድግልኝ እግር ብረት ገባ? አልገባም። ፊታውራሪው ምን ብለው ይክሰሱት? ወፏ ለምን ሄደች ቢባል ምን ሊመልሱ ነው?

ወፏ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ትጠይቃለች። ስለዚህ ማታ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከአንድ ጥሩ ውሸታም ጋር ሂዱ። እኔ በላይኛው መንገድ ነኝ። ማን ይከተለኛል?