ውሃ የተኛበት ሶሌታ

የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ ሙባሪክ ቡታጅራ ውስጥ ከአንድ ጅምር ፎቅ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ አጠገቡ የተሰበረ የመወጣጫ አጣና ወድቋል። ኢንስፔክተር አበባ ስትደርስ ሰው ሁሉ ነገሩን ጨርሶት ነበር። አጣናው ተሰበረ፣ ሰውየው ወደቀ፣ አጣናውን በሚስማር የመታው ፎርማን ሰማን ታሰረ።

አበባ ለጡረታ ሰባት ወር ቀርቷታል፤ ጉልበቷም ደረጃ አይወድም። ደክሟታል። ግን እንዲህ ቶሎ ያለቀ ነገር ጨርሶ አይጥማትም። እያቃሰተች ቁጢጥ አለችና የሟቹን ጫማ አየች። ከመንገድ አቧራ በቀር ምንም የለበትም፤ ደረቅ ነው።

የሞቱ ምስክር ተቋራጩ ኢንጂነር ተካ ነው። ከወልቂጤ የመጣ፣ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ሰው።

«ዛሬ ጧት አብረን ወጣን» አለ። «የፎቁን ወለል፣ ሶሌታውን፣ ከዳር እስከ ዳር በሜትር ለካን። ከዚያ መወጣጫውን ሲረግጥ አጣናው ከዳው።»

«እርስዎ እዚህ ይመላለሳሉ?»

«በየቀኑ! ሥራዬ እኮ ነው።»

የሕንፃው ባለቤት ወይዘሮ ሳሌሃ የበርበሬ ነጋዴ ናት። ሳትጠየቅ የተካን ፈቃድ ከቦርሳዋ አወጣች። «አዲሱ የሕንፃ አዋጅ ያለ ባለፈቃድ ተቋራጭ አይሠራም ይላል። ይኸው፣ በሕጉ ነው የሠራሁት» አለች። አበባ ከወረቀቱ ይልቅ የሴትየዋን ችኮላ አስተዋለች።

ሰማን ጣቢያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ አጣና ስመታ ሃያ ዓመቴ ነው። ወላሂ አንድ ሰው ወድቆብኝ አያውቅም። አምስት ልጆች አሉኝ።»

«ጧት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ሶሌታውን አጠጣሁ። ኮንክሪቱ ከተሞላ ገና አራት ቀኑ ነው። ዙሪያውን በአሸዋ ገድበን ውሃ እናስተኛበታለን፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቁርሴን ልበላ ሄድኩ።»

አበባ ብድግ አለች። ከሰዓት በኋላ ተካን፣ ሳሌሃንና ሰማንን ሕንፃው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ኢንጂነር፣ የጧቱን መንገድ ቀድመው ይምሩን።»

ተካ ደረጃውን ወጥቶ አፋፉ ላይ ቀጥ አለ። ሶሌታው እንዳለ ውሃ ነው።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ።

ከኋላው ሰማንና ሳሌሃ ጫማቸውን አውልቀው ይዘዋል።

«አራት ቀን ሙሉ እዚሁ ነበር» አለች አበባ እያለከለከች። «እናንተ ከዳር እስከ ዳር ከለካችሁ የሟቹ ጫማ እንዴት ደረቅ ሆነ? አልወጣማ! ካልወጣ አልወደቀም፤ ካልወደቀ አጣናው አልገደለውም። ሶሌታ ውሃ እንደሚጠጣ እርስዎም ተምረዋል፤ ይሄኛው መቼ እንደተሞላ ግን አያውቁም። እዚህ ላይ ወጥተው አያውቁማ።»

ሳሌሃ ማልቀስ ጀመረች። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ እህቴ። ሰማን እጅ አለው፣ ወረቀት የለው። ወረቀቱን ከተካ ተከራየሁ። ሙባሪክ ደርሶበት ነበር።»

ተካ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ጧት እዚህ ሥር ጠርቶኝ ፈቃድህ ይሰረዛል፣ ትከሰሳለህ አለኝ። ለመንኩት፤ ጀርባውን ሰጠኝ። የፌሮ ብረት እጄ ገባ። አጣናውን በኋላ ነው የሰበርኩት።»

ካቴናው ከሰማን እጅ ወጥቶ ተካ እጅ ላይ ገባ። ሰማን ግን አልሄደም።

«እንግዲህ ነገ ሥራዬን ልቀጥል፣ እትዬ?»

«ሕንፃው ታግዷል፣ ልጄ። ወረቀት ያለው ሰው እስኪመጣ ማንም አይነካውም።»

«ወረቀት ያለውማ ይኸው፣ አስራችሁት እየሄዳችሁ ነው» አለ ሰማን።

አበባ ለሟቹም፣ ሟቹ ሊያስከብረው ለሞተለት አዋጅም፣ ለዚህ ወረቀት ለሌለው ሰውም አዘነች። ሰማን ጫማውን አጥልቆ የቤቱን መንገድ ያዘ።