ኬምሩን የጠራችው

ሰው እቤቱ ተቀምጦ ከራሱ ሲርቅ፣ ማን ሄዶ ይመልሰዋል? የሰንደራዋ አሮጊት ዘርሚት ይህን ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም፤ መልስ የሰጣት ግን የለም። የልጅ ልጇ ኬምሩ ከአመድ ፈረሰኞች ጦርነት ከተመለሰ አራት ወር ሆነው። አካሉ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ግን ግድግዳ ሲያይ ይውላል፤ ማንኪያ ሲወድቅ አልጋ ስር ይገባል፤ ከወተት በቀር ምንም አይቀምስም። አጥንቱ ወጥቷል። ይሄ ልጅ ሊሞትብኝ ነው ትል ነበር ዘርሚት፣ ውሃ ለሚቀዱት ሴቶች ሳይቀር።

በዚያ ሰሞን የሰንደራ ወንዝ ሦስት ቀን ሽቅብ ፈሰሰ። ትንፋሽ በመቁጠር ልብ ማሳረፍን የሚያስተምሩት የትንፋሽ መምህር አባ ቶልማ ይህን የመመለስ ምልክት አይተው ወደ ቤቷ መጡ።

«በጉሙ ዋሻ ሰማያዊ እንጉዳይ ይበቅላል» አሉ። «የበላው ሰው ወደ ራሱ ውስጥ ይወርዳል፤ የጠፋበትንም ያገኛል። ብቻውን ግን አይመለስም። የሥጋ ዘመዱ ጸጥ ብሎ አጠገቡ ይቀመጥና በአንድ ትዝታ ይጠራዋል። የጠራበት ትዝታ ከጠሪው ለዘላለም ይጠፋል።»

ዘርሚት እኔ እጠራዋለሁ ብላ ተነሣች። ሽማግሌው የእጇን ትርታ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልቡ የማያርፍ ሰው መጥራት አይችልም። ያን ጊዜ የኬምሩ እህት ሳርዳን፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ በአባቷ ጦር ላይ እጇን ጭና ማለች፤ «እንጉዳዩን ሳልይዝ በዚህ ደጃፍ ብገባ እግሬ ይሰበር።»

ዘርሚት ስንቅና ሁለት ጋቢ ቋጠረችላት፤ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ገደል ዳር እንዳትሄጂ እያለች እስከ ወንዙ ሸኘቻት።

ሳርዳንና ሽማግሌው ሦስት ቀን ተጓዙ። ዋሻውን የሚጠብቀው የጉም ዘንዶ ዓይን የለውም፤ አደኑን የሚያገኘው የተጣደፈ ትንፋሽ ሰምቶ ነው። ስለዚህ ሳርዳን በየማረፊያው ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን መቁጠር ተማረች። ሐሳቧ በሮጠ ቁጥር ሽማግሌው ይቀልዱባታል፤ «አህያዬ ካንቺ ትሻላለች፤ ስለ ነገ አታስብም።» በዋሻው ጨለማ ዘንዶው ቀዝቃዛ ምላሱን አንገቷ ላይ አሳረፈ። እሷ አንድ አለች፤ ሁለት አለች። ሰባት ስትል አውሬው ድንጋይ መስላው አልፏት ሄደ፤ እሷም እንጉዳዩን ነቅላ ወጣች።

ቤት ሲደርሱ ቀትር ነበር። ኬምሩ እንጉዳዩን በወተት ዋጠ። ሳርዳን አጠገቡ ተቀምጣ እሱ በወንዙ ዋና ያስተማራትን ቀን ለጥሪው መረጠች። አባ ቶልማ ዘርሚትን ትንፍሽ እንዳትል ቃል አስገቧት። ጥቂት ቆይቶ ኬምሩን ላብ አጠመቀው፤ ይጮህም ጀመር። በሰንደራ የሚቃዥ ሰው ትከሻው ተነቅንቆ፣ በቁልምጫ ስሙ ተጠርቶ ነው የሚነቃው፤ ዘርሚትም ስድስት ልጆቿን እንዲያ ስትቀሰቅስ ኖራለች። እጇ ሳታዘው ሄደ።

«ኬሙዬ፣ ተነሣ የኔ ዓይን፤ ቅዠት ነው።»

የኬምሩ ትንፋሽ ቀጥ አለ። የአባ ቶልማ ፊት ጠቆረ። «ጥሪው ተበጠሰ» አሉ። «ከእንግዲህ በአንድ ትዝታ አይመለስም። ጠሪዋ ያላትን የዚህን ቤት ትዝታ ሁሉ ይጠይቃል።»

ዘርሚት የኔን ውሰዱ እያለች ተንበረከከች፤ ሽማግሌው የሚያደርጉላት ነገር አልነበረም። ሳርዳን አያቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«እምዬ፣ ፈርተሽ ነው። አልቀየምሽም።»

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿ አልተጣደፈም፤ እንባዋ ግን በጉንጮቿ ይወርድ ነበር።

ኬምሩ እንደ ሰመጠ ሰው አየር ሳበ። ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። «እምዬ፣ ራበኝ» አለ። ደጅ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ እልል አለ፤ ዘርሚትም አቅፋው አለቀሰች።

ቀና ስትል ሳርዳን ቆማለች። ቤቱን የምታየው መንገደኛ ያደረበትን ቤት እንደሚያይ ነበር። ኬምሩ እህቴ እያለ እጁን ዘረጋ፤ እሷ በትሕትና ፈገግ ብላ ወደ በሩ ዞረች። ዘርሚት ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ደግማ እንዳታጠፋ ፈራችና ተወችው። ጋቢውን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አለበሰቻት፤ እንደ ሕፃን ጫፉን አንገቷ ስር ወተፈችላት።

ወጣቷ ለደግ ባልቴት እንደሚደረገው ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፤ ወጥታም ሄደች።