አንቱ የተባለው ጭራቅ

«አንብቢው» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው። «ጮክ ብለሽ።»

ወረቀቱ ከትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ተገንጥሎ የመጣ ነው። አራቱም ማዕዘኑ ሙጫው የነበረበት ቦታ ላይ ተቀዷል። የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው፤ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው የማይበልጥ። በዚህ የተነሳ ክፍሉ ሁሉ «ቁም ጽሕፈት» ይላታል፤ ሲያጥር ደግሞ «ቁሜ»።

አነበበች። «ብረት ሳንባ ከመናገራቸው በፊት የመስታወት ዓይናቸውን አውልቀው በነጭ መሐረብ ወለወሉ። ከዚያም ለሰባተኛዋ ፕላኔት ሕዝብ አየር በተራ እንደሚታደል ገለጹ። ብዙ የሚተነፍሱ ሰዎች ከድርጊታቸው እንዲቆጠቡም አሳሰቡ።»

«በቃ።» ምክትሉ በሩ መዘጋቱን በዓይናቸው አረጋገጡ። «ብረት ሳንባ ማን ነው?»

«ጭራቅ ነው ቲቸር። የልብ ወለድ። ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ማሽን።»

«ጭራቅ አንቱ ይባላል? ‹ወለወሉ›! ‹ገለጹ›! ‹አሳሰቡ›! ለጭራቅ እሳቸው የሚል ሰው የት አለ?»

መፍራት እንዳለባት ታውቃለች። ፍርሃቱ ግን አልመጣም። ውስጧ ጥርስ ሊነቀል ሲል እንደተደነዘዘ ድድ ነበር፤ ሲነኩት ይታወቃል እንጂ አያምም።

ድርሰቱ የጓደኛዋ ነው። ሳተላይት ይሉታል፤ እሱ ክፍል ተቀምጦ ሐሳቡ ሕዋ ላይ ስለሚዞር። እሱ ይደርሳል፣ እሷ በንጹሕ ወረቀት ትገለብጣለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ሲለጠፍ ማንም ምንም አላለም። የመሐረቡን ነገር ተማሪው ሁሉ ነቅቶበታል፤ የአገሪቱ መሪ በቴሌቪዥን ንግግር ከመጀመራቸው በፊት መነጽራቸውን በነጭ መሐረብ ይወለውላሉ። ቢሆንም መሐረብ የሌለው ማን አለ? ልጆቹ ተሳስቀው ያልፉ ነበር። የድርሰቱ አራተኛ ክፍል ላይ ግን ጭራቁ በአንድ ሌሊት «እሱ» መሆኑ ቀርቶ «እሳቸው» ሆነ። ጠዋት ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተሰብስበው አነበቡት። ቀጥሎ አንዱ «ኧረ ራሳቸው ናቸው!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። እረፍት ሲደወል ወረቀቱ ምክትሉ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«ልጁ ‹እኔ ነኝ የጻፍኩት› ብሏል» አሉ ምክትሉ። «ረቂቁስ ስለው ‹ጣልኩት› ይለኛል። አንቺን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰጠሽን በፊደሉ ነው የቀዳሽው፣ ወይስ አንቺ የነካሽው ነገር አለ?»

«በፊደሉ ነው» አለች። ቃሉ ሳይጠሩት ወጣ።

«ጥሩ። የብሔራዊ ፈተናው የስም ዝርዝር ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ይሄዳል። የእሱ ስም ይሰረዛል። እኔ ካልሰረዝኩት ከእኔ በላይ ያሉት እኔን ይሰርዙኛል።» አልተቆጡም። የተለጠፈ ማስታወቂያ የሚያነቡ ነበር የሚመስሉት። «ሂጂ በቃ።»

ሳተላይት ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ እጀታውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ውሃ የለም።

«ምን አልሻቸው?»

«በፊደሉ ቀዳሁ አልኳቸው።»

«አሪፍ።» እጀታውን ዘጋና፣ «ቁሜ፣ እኔ ግን ‹ወለወለ› ነበር ያልኩት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ስገለብጥ የእሳቸው ፊት መጣብኝ። እጄ አረመው።»

ሳተላይት አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ እኮ! እኔ እንዳይነቃብኝ ብዬ ስንት ጊዜ ‹እሱ፣ እሱ› እያልኩ ስጠነቀቅ!»

«ምን አልካቸው አንተስ?»

«‹ተረት ላይ አያ ጅቦ ይባል የለ እንዴ ቲቸር› ብላቸው ጆሮዬን ሊነቅሉት።» ጆሮውን አሻሸ። «ግን የገረመኝ ምን መሰለሽ? የሕዋ ልብ ወለድ ክፉዎች ይስቃሉ። ‹ሃ ሃ ሃ፣ ፕላኔቷን አፈነዳታለሁ!› ይላሉ። ክፉ መሆናቸውን ያውቁታል፣ ያኮራቸዋልም። አንቺ ግሱን ስትቀይሪው ብረት ሳንባ መሳቁን ተወ። አየር ከልክሎ ‹አሳሰቡ›! ሳነበው እኔው ራሴ የፈጠርኩት ሰውዬ አስፈራኝ።»

«መጨረሻው ምን ነበር?»

«ከዙፋኑ ሥር አንዲት ቁልፍ አለች። አንዲት ልጅ ትጫናታለች፣ ያልቃል።» ትከሻውን ሰበቀ። «ልብ ወለድ ነዋ።»

እጀታውን እንደገና ከፈተው። «ለእማዬ ምን እንደምላት ነው የጠፋኝ። ለፈተናው ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃለች፤ በር ላይ ልትጠብቀኝ።» እጀታውን መልሶ ዘጋው። «አንቺ ግን እንዳትናገሪ። የአንቺ አባት ከሚሠራበት ቦታ አንጻር ነገሩ ሌላ ነው የሚሆነው።»

አባቷ የመንግሥት ጋዜጣ አራሚ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሰው የፊት ገጹን ቤት ያመጣና ለምሳ ስትመጣ አብረው ይጨርሱታል። እሷ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሱ ታትሞ የመጣውን በቀይ እስክሪብቶ ይከተላል። መሪው ያደረጉት ነገር ሁሉ በአንቱታ መጻፉን ማየት ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ነው። ከዐሥር ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ነው።

ዛሬም ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ተቀምጣ «…ገለጹ» ብላ አነበበች። ቀይ ነጥብ።

«…አሳሰቡ።» ቀይ ነጥብ።

«አባዬ፣ አንዱ ቢያመልጥህስ?»

«ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ አንዲት ‹ገለጸ› አመለጠችው።»

«ምን አደረጉት?»

«የሐዘን ማስታወቂያ ገጽ ላይ መደቡት። እሱም አልጠላውም፤ ባለጉዳዮቹ አይከሱም።» ሳይስቅ ነው የተናገረው። ቀልዱን ከዚህ በፊትም ነግሯት ያውቃል፤ እሷም አልሳቀችም።

«ዛሬ ግን ምን አሉ?»

«እነማን?»

«እሳቸው። አሁን ያነበብነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። አባቷ ገጹን በስህተት እጁ እንደገባ የሰው ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አየው።

«እኔ እንጃ» አለ። «እኔ ግሶቹን ነው የማየው።»

እሷም ሙሉውን አንብባዋለች። ስለ ምን እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች። ስለ መንገድ ይሁን፣ ስለ ጦር፣ ስለ ዝናብ፣ አንዱም ትዝ አላላትም። አፏ ላይ የቀረው «ጹ» እና «ቡ» ብቻ ነበር።

«ትምህርት ቤት አንድ ነገር ተፈጥሯል» አለችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ያው ገጹን ባነበበችበት ድምፅ። አባቷ እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሐል እያሽከረከረ ሰማት።

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«በፊደሉ ቀዳሁ ብዬ።»

«ተመስገን!» ትከሻው ሲወርድ አየችው። «ልጁስ?»

«ፈተና አይቀመጥም።»

አባቷ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ጠበቀችው። ምን እንዲል እንደምትፈልግ አታውቅም፤ ብቻ የሆነ ነገር እንዲል ከልቧ ጠበቀች። አባቷ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«የት ደርሰን ነበር?»

«አረጋገጡ» አለችው።

ቀይ ነጥብ።

የቀረውን አንብባ ስትጨርስ ተነሳች። ምሳው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ወዴት ነው? ሰዓቱ ገና ነው እኮ።»

«ለምክትሉ የምነግራቸው ነገር አለ።»

አባቷ ለረጅም ጊዜ አያት። «አትሂጂ» አላለም። «ሂጂ»ም አላለም።

«ጃኬትሽን ልበሺ፤ ብርድ ነው» አለ።

መንገድ ላይ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቶ መሪው ይናገራሉ። ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሰውዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይጠርጋል። ድምፁን የቀነሰው የለም፣ የሚሰማም የለም። ቁሜ መንገዱን ሙሉ ድፍረት ይመጣልኛል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። እግሯ ግን ይሄድ ነበር፤ እሷም እንዲሄድ ተወችው።

ምክትሉ ዝርዝሩ ላይ አጎንብሰው አገኘቻቸው። ማስመሪያና እስክሪብቶ ይዘዋል። ገና አንድም ስም አልተሰረዘም።

«ቲቸር፣ በፊደሉ አልቀዳሁም።»

ቀና አሉ። «ምን?»

«እሱ ‹ወለወለ› ነው ያለው። ‹ወለወሉ› ያልኩት እኔ ነኝ። ከላይ እስከ ታች የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሱ ጭራቅ ብቻ ነው የጻፈው።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ።»

ምክትሉ በሩን አዩ፤ አሁንም ተዘግቷል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝማ ልጄ። የሚፈለገው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ተገኝቷል። ነገሩ አልቆ ሳለ ምን አመጣሽ? ከዚህ ወጥተሽ ብትሄጂ እኔ እንዳልመጣሽ ነው የምቆጥረው።»

በቃላቸው የተከፈተላትን ማምለጫ በር አየችው። ሰፊ በር ነበር፤ ማንም አይወቅሳትም፤ ሳተላይት እንኳ።

«ወረቀት ይስጡኝ» አለች።

ቆማ ጻፈችው። ሦስት መስመር ነው፤ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው የማይበልጥ። ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ፈረመች። ምክትሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የከርሞውንም ላትፈተኚ ትችያለሽ፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው። የእሷ ስም ከሳተላይት ስም ቀጥሎ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ምክትሉ ማስመሪያውን ስሟ ላይ አኖሩና እስክሪብቶውን አነሱ። ማስመሪያው ተንሸራተተና ወደ ላይኛው መስመር ወጣ። መለሱት። እንደገና ወጣ።

ቁሜ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። የማስመሪያውን አንድ ጫፍ በሁለት ጣቷ ተጭና ያዘችላቸው።

«አሁን ያስምሩ» አለች።