«ቤቶች!» አለች ሲፈን

አውቶቡሱ ጎሬ ከተማ ሲደርስ ሲፈን ከሁሉም ቀድማ ዱብ አለች።

አባቷ ሻንጣ ይዟል። እናቷ ዣንጥላ ይዛለች። ሲፈን የያዘችው ደስታዋን ብቻ ነው፤ እሱም አላስቀምጥ ብሏታል።

ዛሬ የሚጎበኙት የድሮ ቤት ነው። የነጋድራስ አበጋዝ ቤት ይባላል። ነጋድራስ አበጋዝ በድሮ ጊዜ፣ የሲፈን አያት እንኳ ሳይወለዱ፣ የነጋዴዎች ሁሉ አለቃ ነበሩ።

«ትልቅ ሰዓት አለ?» አለች ሲፈን።

«አለ» አለ አባቷ።

«ደረጃስ?»

«ደረጃም አለ። ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ።»

እነሆ ቤቱ! ግድግዳው እንጨት ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ በሩ አረንጓዴ። በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል።

እናቷ ገባች። አባቷ ገባ። ሲፈን ግን ደጃፉ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

ሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባማ! መጀመሪያ ይንኳኳል። ከዚያ «ቤቶች!» ይባላል። ከዚያ ከውስጥ «ግቡ!» እስኪባል ይጠበቃል።

ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት። ዛሬ ግን እናቷ ራሷ ረስታዋለች።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ቤቶች!» አለች ሲፈን።

ዝም።

ከጓሮ በኩል አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። የቤቱ ጠባቂ ጋሽ ደሬሳ ናቸው።

«ግቢ እንጂ የኔ ልጅ» አሉ።

«የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«አይ፣ እኔ ጠባቂው ነኝ።»

«እንግዲያው ባለቤቶቹ ግቡ ይበሉኝ» አለች ሲፈን።

አባቷ ተመልሶ መጣ። «ሲፉዬ፣ ባለቤቶቹ እኮ የሉም። ድሮ ነው የሞቱት። ይሄ ሙዚየም ነው፣ ዝም ተብሎ ይገባል።»

ሲፈን አንገቷን አስግጋ አየች። ትልቁ ሰዓት ከሩቅ ይታያል! የደረጃው ጫፍም ይታያል! እግሯን ግባ ግባ ይለዋል።

ግን ማንም ግቡ አላለም። ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ ቤቱን ሳታይ ልትመለስ ነው።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ቤቶች!»

ዝም።

ጋሽ ደሬሳ ኮፍያቸውን አወለቁና ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«ለካስ አደራ አለብኝ» አሉ። «የነጋድራስ ልጅ እማማ ሰናይት ይህን ቤት ለከተማው ሲሰጡ እንዲህ አሉኝ፦ ደሬሳ፣ ደጅ ቆሞ የሚጣራ እንግዳ ከመጣ፣ በእኔ ፋንታ ግቡ በልልኝ።»

«ታዲያ ለምን አላሉኝም?» አለች ሲፈን።

«ረሳሁታ! ሁሉም ሰው ዘው ብሎ ነው የሚገባው። እስከ ዛሬ የተጣራ እንግዳ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጋሽ ደሬሳ ቶሎ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ቤቶች!» አለች ሲፈን።

«ግቡ!» አሉ ጋሽ ደሬሳ።

ሲፈን ገባች! ገባችና ትልቁን ሰዓት አየች። ቁመቱ አባቷን ይበልጣል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄዱ፤ ጋሽ ደሬሳ ቀድመው ገቡ። እናቷ ዘው ልትል ስትል ትዝ አላት፤ ሳቀችና በሩ ላይ ቆመች።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ቤቶች!» አለች እናቷ።

«ግቡ!» አሉ ጋሽ ደሬሳ።

እዚያ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ አለ። አፉ እንደ ትልቅ አበባ የተከፈተ ነው። እጀታው የሚዞር ስልክም አለ።

ከዚያ ደረጃውን ወጡ። ሲጢጥ! ሲጢጥ! ሲጢጥ! ሲፈን ደስ ስላላት ወረደችና እንደገና ወጣች። ሲጢጥ! ሲጢጥ! ሲጢጥ!

ኳ! ኳ! ኳ! «ቤቶች!» «ግቡ!»

እዚህ የነጋድራስ አልጋ አለ። በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ነጋድራስ በበርጩማ ነበር የሚወጡበት።

«እኔስ ብወጣበት?» አለች ሲፈን።

«እሱስ አይሆንም» አሉ ጋሽ ደሬሳ።

በዚህ መሃል ከታች ድምፅ ተሰማ።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ቤቶች!»

ሲፈን በመስኮት አየች። አንድ ትንሽ ልጅ ከአያቱ ጋር ደጃፉ ላይ ቆሟል። እሱም ዘው አላለም!

ጋሽ ደሬሳ ጉልበታቸውን ያዙ። «ደረጃውን እስክወርድ ልጁ ይሰለቻል» አሉ። «በይ፣ አንቺ መልሽልኝ።»

«እኔ እኮ የቤቱ ሰው አይደለሁም» አለች ሲፈን።

«ግቡ ተብለሽ የገባሽ እንግዳ ነሽ። እማማ ሰናይት ደስ ይላቸዋል።»

ሲፈን በረረች። ሲጢጥ! ሲጢጥ! ሲጢጥ! የደረጃው መሃል ላይ ቆመችና ባለ በሌለ ድምጿ ተጣራች።

«ግቡ! ግቡ! ግቡ!»

ልጁ ፈገግ ብሎ ገባ። ሲፈንም እጁን ይዛ ትልቁን ሰዓት አሳየችው።

ሲመሽ ሲፈን ባረፉበት ሆቴል አልጋ ላይ ተኛች። ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበችው። አሁን ቤቷ እሱ ነው።

አባቷ ደህና እደሪ ሊላት መጣ። ብርድ ልብሱን ሊገልጥ እጁን ዘረጋና ተወው። የአልጋውን እንጨት በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ኳ... ኳ... ኳ...

«ቤቶች!» አለ ቀስ ብሎ።

ከብርድ ልብሱ ሥር እንቅልፍ እንቅልፍ ያላት ትንሽ ድምፅ መጣች።

«ግቡ።»