ከአምዱ ሥር ያለችው ነጥብ

ጋሽ ሠርፀ የተገኙት ዓርብ ጠዋት ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ በሚሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ በደረጃው ክፍተት ሥር ወድቀው። እርሳሳቸው እንደ ወትሮው ጆሯቸው ላይ እንደተሰካ ነበር። ተነስተው ሥራቸውን ሊቀጥሉ ነው የሚመስሉት።

ሰላሳ ስምንት ዓመት ፕላን በእጃቸው የሳሉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ላይ መሳል የጀመሩት ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ነው። ያ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ በመጨረሻው ፕላን ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ የሚል ተገኘ፦ «ይቅር በሉኝ። የደረጃውን ልክ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኀፍረቱን አልችልም።»

ቄስ ሀብተጊዮርጊስ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። እኔም እየመረረኝ ነው የምናገረው።»

ቅዳሜ ማለዳ የሟች ሚስት እትዬ በዛብሽ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የኢንስፔክተር ኢቢሴን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ ሠርፀ ሄዷል፤ አልቅሼ አልመልሰውም። ግን እንደ እንስሳ ዝም ብዬ አልቀብረውም። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ እውነቱን አውጪልኝ።»

«እግዜር ይርዳን እንጂ፣ እሞክራለሁ እማዬ» አለች ኢቢሴ።

የፕላን ቢሮው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የጋሽ ሠርፀ ሹራብ ወንበራቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ኢቢሴ እንደገባች ጠፍቶ የነበረው መብራት መጣ፤ ኮምፒውተሩም ማንም ሳይነካው በራሱ ተነሳና «ሠርፀ» የሚል ስም አወጣ።

አብሯት የመጣው የሚሠራው ሕንፃ ዘበኛ ጂሩ ወደ በሩ አፈገፈገ። «ዋቀዮ! ሰውዬው መጡ!»

«መብራት ነው የመጣው ጂሩ። ና ቁጭ በል። ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?»

«ኢንጂነር ጋሩማ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደውሎ ሚስማር ግዛ ብሎ ገበያ ላከኝ። አሥራ ሁለት ሲሆን ዝናቡ ወረደ፤ እዚያው ተጠለልኩ።»

«አስከሬኑን ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«ኤዬ፣ እኔ ነኝ። ቤቱ ገና ጣሪያ የለው፣ ዙሪያው ሁሉ ጭቃ ነበር። ከሥራቸው ያለው የሲሚንቶ ዱቄት ግን ደረቅ ነው። እሱ ነው እኔን ያስፈራኝ።»

የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ጋሩማ በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ገባ።

«አካም ቡልተን ኢንስፔክተር። እኔ ሐሙስ ቢላ ከተማ ነበርኩ። ዝናብ ይዞኝ ማታ ሁለት ሰዓት ነው የገባሁት።»

«ጋሽ ሠርፀ በኮምፒውተሩ እንዴት ነበሩ?»

«ጎበዝ! ማንም ሳያግዛቸው ይስሉም ይጽፉም ነበር።»

ቀጥላ የገባችው ፕላን የምትስለው ወጣቷ ኬኔ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«አስተማሪያቸው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እሳቸው ናቸው የኔ አስተማሪ። እኔ ማውዙን ብቻ ነው ያሳየኋቸው። መስመር ሲሳሳቱ ላጲስ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሱ ነበር።»

«እስቲ እኔንም አስተምሪኝ» አለች ኢቢሴ፣ ሹራቡ በተንጠለጠለበት ወንበር ላይ እየተቀመጠች።

አንድ መስመር ሳለች። መስመሩ አላልቅ ብሎ እጇን እየተከተለ ይለጠጥ ጀመር።

«ምን ሆኖ ነው የሚከተለኝ?»

«በቃ ካላልሽው አይለቅሽም። ኤስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ንኪ።»

ከዚያ ስሟን ልትጽፍ ፈለገች። ማሽኑ መጀመሪያ የፊደሉን ቁመት ጠየቃት። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ጋሽ ሠርፀ በእጃቸው የጻፉትን አሮጌ ወረቀት አየች፦ «የፊደል ቁመት 2.5 ሚሊ»። 2.5 ብላ ሰጠችው፤ ስሟን ጻፈች። ምንም የለም።

«የት ገባ?»

ኬኔ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ጋሼም ልክ እንደዚህ! ‹ይሄ ማሽን ቃሌን ይበላል› ይሉ ነበር። እዚህ ቤቱን የምንስለው በእውነተኛ ልኩ ነው፤ አሥር ሜትር ግድግዳ እዚህም አሥር ሜትር ነው። 2.5 ሚሊ ፊደል ከዚያ ግድግዳ አጠገብ የጉንዳን እግር አያክልም። ወረቀት ላይ ሲወጣ መቶ ጊዜ ስለሚያንስ 250 ነው የምንሰጠው። ስንቴ ነገርኳቸው! እጃቸው ግን ሰላሳ ስምንት ዓመት የጻፈው 2.5 ነው። በመጨረሻ ጽሑፉን ሁሉ እኔ እጽፍላቸው ነበር።»

«ታዲያ የጻፉት ጠፋ?»

«አይጠፋም። አለ፤ አይታይም እንጂ።»

ኢቢሴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ሹራቡ ጀርባዋ ላይ ከበዳት።

«ይሄ የይቅርታው ጽሑፍ ቁመቱ ስንት ነው?»

ኬኔ ነካችው። «250» አለችና እጇን ከማውዙ ላይ ሰበሰበች። «እኔ አልጻፍኩትም! በጌታ ስም!»

«አውቃለሁ። አሁን እሳቸው የጻፉትን ፈልጊልኝ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። እትዬ በዛብሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ፤ ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ አጠገባቸው ቆሙ።

«ከሥራቸው ያለው ዱቄት ደረቅ ነው» አለች ኢቢሴ። «ስለዚህ ጋሽ ሠርፀ የወደቁት ዝናቡ ሳይጀምር፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ነው። ይህ ኑዛዜ ፕላኑ ላይ የተመዘገበው ግን በማሽኑ ሰዓት ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሞተ ሰው ተነስቶ ካልጻፈው በቀር፣ የጻፈው ሌላ ነው።»

ጋሩማ ሳቀ። «የኮምፒውተሩ ሰዓት ተሳስቶ ይሆናል። የሚያስተካክለው ኔትወርክ እንኳ የለም እዚህ።»

«ይሁን። ፊደሉስ? እሳቸው አንድም ቀን 250 ሰጥተው አያውቁም። ይህን የጻፈ ማሽኑን ጠንቅቆ ያውቃል። ጂሩ ከፍቶት አያውቅም። ኬኔ ደግሞ ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን ልምምድ ላይ ነበረች፤ አርባ ሰው መስክሯል። የቢሮው ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ከሟች ኪስ ተገኘ። ሁለተኛው ማን ጋ ነው?»

የጋሩማ እጅ ሳያስበው ወደ ኪሱ ሄደ። ሁሉም አዩት።

«ቁልፍ መያዝ ወንጀል ነው እንዴ? ማን ምን አየ?»

«ኬኔ፣ አሳዪአቸው።»

ኬኔ ሁሉንም ምረጥ ብላ ማሽኑን አዘዘችው። በፕላኑ ላይ ያለው በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ከአንድ አምድ ሥርም አቧራ የምትመስል ነጥብ በራች። ኬኔ ነጥቧን እያጎላች ቀረበቻት። ግድግዳው ከስክሪኑ ወጣ፣ አምዱም ወጣ፤ ነጥቧ ሦስት መስመር ሆነች። ኬኔ ጮክ ብላ አነበበች።

«ኬኔ ልጄ፣ እኔ ስምንት ብረት ብዬ የሳልኳቸው አምዶች በአራት ነው የታሰሩት። ሰው በላያቸው ሊኖር ነው። ጋሩማ ከላይኛው ፎቅ እንነጋገር ብሎኛል፤ ልሄድ ነው። ካልሰማኝ ነገ ለማዘጋጃ ቤት እናገራለሁ።»

ሁለተኛው አጭር ነበር። «ኬኔ፣ አምዶቹ አራት ብረት ጎድሏቸዋል። ጋሩማ ጋ ከላይ ልሄድ ነው።»

ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኢቢሴ አነበበችላት።

«ኬኔ፣ አሁንስ ይታያል?»

ጋሩማ ስክሪኑን እንጂ ሰው አላየም።

«ከዚህች ነጥብ አጠገብ ነው ያንን ይቅርታ የጻፍኩት» አለ ቀስ ብሎ። «እዚሁ ነበር ለካ። ፕላኑን ጠቅልለው ‹ነገ እናገራለሁ› ሲሉኝ… አንድ ጊዜ ነው የገፋኋቸው። አንድ ጊዜ።»

ጂሩ በሩ ላይ ቆመበት። ኢቢሴ ካቴናውን አወጣች።

እትዬ በዛብሽ አልጮኹም። ወደ ቄሱ ዞረው «አባ፣ ሰዓቱ ደርሷል» ብቻ አሉ።

«ደርሷል ልጄ። ፍትሐቱን እኔ ራሴ እመራዋለሁ» አሉ ቄስ ሀብተጊዮርጊስ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

በዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ተደወለ። ኬኔ የኦርቶዶክሱን ሥርዓት ስለማታውቀው ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር። አፈሩ ተመልሶ ሰው መበተን ሲጀምር ወደ መቃብሩ ጠጋ አለች። እትዬ በዛብሽ የሰጧትን የጋሽ ሠርፀን እርሳስ ከቦርሳዋ አውጥታ አፈሩ ላይ አቁማ ተከለችው።

«ታይቷል ጋሼ» አለች።