የዘንድሮው ነጭ ፋኖስ

ከበሮ መቺው ጊሳቡሮ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ ሞቶ የተገኘው የሙታን መታሰቢያው ጭፈራ ባደረ ማግስት ጧት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በዚህ መንደር ግን ፍርድ ከንጋት ይቀድማል። «ሌላ ማን ሊሆን? ደቀ መዝሙሩ ነዋ!» አሉ። ትናንት ጌታው ሲቀር ከበሮውን የመታው ታትሱያ ነበርና።

ኢንስፔክተር ኩዋባራ ላቡን እየጠረገ ወጣቱን ጠየቀው።

«ሲቀር ምን መሰለህ?»

«እንደ ልማዱ የሩዝ አረቄውን ጠጥቶ የተኛ መሰለኝ። ከበሮውን እኔ ልመታ ነውና ደስ አለኝ፣ ኢንስፔክተር። ጥፋቴ እሱ ነው።»

የሟች እህት ሂሳኖ የጨፋሪዎቹን ልብስ በሰማያዊ ቀለም የምትነክር ሴት ናት። በዚያ ሙቀት እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ሸሽጋ ቆማለች።

«ከሰዓት በኋላ ከቤት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» አለች።

ኩዋባራ ገና ያልወረዱትን የወረቀት ፋኖሶች ቀና ብሎ አየ። ሁሉም ቀይ ናቸው። ከበሮው ከሚመታበት ማማ ጀርባ ግን አንድ ነጭ ተንጠልጥሏል።

«አባታችን፣ ከጊሳቡሮ ሌላ ዘንድሮ ከመንደሩ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አሉ ሽማግሌው መነኩሴ። «ነጭ ለአዲስ ሙት ብቻ ነው። ትናንት ጭፈራው ሲጀመር አይቼው፣ የማን ይሆን ብዬ ነበር።»

ኩዋባራ ሁሉንም ከማማው ሥር ሰበሰበ።

«ጭፈራው ሲጀመር የጊሳቡሮን መሞት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው መናገር ፈራ፤ ዝም ማለትም አልሆነለትም። ስለዚህ ፋኖስ አበራለት። ወረቀቱ ላይ ግን የሰማያዊ ጣት ምልክት ቀርቷል። እትዬ ሂሳኖ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩን።»

እጆቿ እስከ አንጓቸው ሰማያዊ ነበሩ።

«ደረጃው ላይ የአረቄ ጠርሙሱን ልቀማው ስል ገፋሁት» አለች። «ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። የሰው ድምፅ ስሰማ ፈርቼ ሸሸሁ። ከዚያ ሄጄ ጨፈርኩ፤ ከሰው እኩል አጨበጨብኩ! ጧት ልጁን ሲከቡትም ዝም አልኩ። ከሁሉ የከፋው በደሌ እሱ ነው።»

«ልጄ፣ በጭፈራው ቀን የሞተ ሰው ፋኖሱ የሚበራለት ለከርሞ እኮ ነው» አሉ መነኩሴው። «ምን አስቸኮለሽ?»

«ደም ተደብቆ አይቀርም አባታችን። ለከርሞ እስር ቤት ነኝ። ከእኔ ሌላ ማን አለው?»

ታትሱያ ሄዶ ነጩን ፋኖስ ፈታ። ኩዋባራ «ማስረጃ ነው» ሊለው አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ዘጋው።

«እኔ አለሁለት፣ እትዬ» አለ ታትሱያ።