እማማ ቦጋለች የጠበቁት ወለል

ሰው በፍቅር ከሳ ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ግን የከሳሁት በማጣበቂያ ነው።

ኩማን ያወቅሁት አሰበ ተፈሪ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ በአጎቴ በአቶ ታደሰ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ስሸጥ ነው። የእርሻ ቢሮ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከዝናብ ሊጠለል ገባና ዝናቡ ካባራም በኋላ ቆመ። እኔም ሂድ አላልኩትም። ከዚያ ወዲህ ሚስማር የማያስፈልገው ሰው ሚስማር ሲገዛ ከረመ።

ሽማግሌ ልላክ ባለ ጊዜ አጎቴ በአንድ ነገር ጸና። እናቴ የአፈር ወለል በእበት ስትለቀልቅ ኖራ፣ ወገቧ ጎብጦ ነው የሞተችው። የእህቱን ልጅ ለእበት ወለል አይሰጥም፤ ወለሉ ሳያልቅ ሽማግሌ ደጁን እንዳይረግጥ አለ።

ኩማ አልተከራከረም። ሲሚንቶ በወረፋ በሚገኝበት በዚያ ዘመን እንደ ምንም አግኝቶ አፈሩን ሊሾ አስደረገ። ከናዝሬትም አረንጓዴ የፕላስቲክ ንጣፍ ጭኖ መጣ። የቀረው ማጣበቂያው ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ማስቲሽ ሰጠሁት። ንጣፉንም ወለሉንም ቀብቶ፣ ጥቂት አናፍሶ እንዲጫነው ነገርኩት። ብዙ ሳይቆይ ጠርዝ ጠርዙ ተነሣ። ኮላ ልሞክር አለ። ኮላ የእንጨት ነው ብዬ ብነግረውም፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው መች ይሰማል፤ እንደ አጥሚት ሆኖ ቀረ። ሬንጅ አቅልጦ አፈሰሰበት። ያዘ ስንል ጥቁሩ በየመጋጠሚያው ወጣ፣ ንጣፉም ተላቀቀ።

ፍቅራችንም አብሮ ደከመ። ስንገናኝ የምናወራው ስለ ወለል ብቻ ሆነ። ያየኛል፣ አየዋለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ መደርደሪያው እንዞራለን። እወደው ነበር፤ ግን መውደድም ጉልበት ይፈልጋል።

አንድ ቀን ክንዱን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ቆየና «ሣህሊቱ፣ ደከመኝ» አለ። «የድሬዳዋው ነጋዴ ሽማግሌ ልኳል አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። አጎቴ ለፋሲካ መልስ እሰጣለሁ ብሏቸዋል። ወደ መደርደሪያው ስዞር ገባው፤ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ኩማ ለመስክ ወደ ቦኬ ሲሄድ እኔ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ልጃገረድ ሽማግሌ ያልላከ ወንድ ቤት አትረግጥም። የማጣበቂያ ሻጭ ግን ወለል ማየት ትችላለች ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በሩ ክፍት ነበር። እናቱ እማማ ቦጋለች ጎንበስ ብለው በጣሳ ውኃ እየረጩ ይጠርጋሉ፤ ሊሾውን፣ የንጣፉን ጠርዝ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ። የአፈር ወለል አቧራው እንዳይነሣ ረጭተው ሲጠርጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ኩማ ማልዶ ስለሚወጣ አላየም።

ልስቅ ፈለግሁ፣ አቅም አጣሁና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሊሾው ውኃ ከጠጣ የትኛውም ማጣበቂያ እንደማይዘው ነገርኳቸው። የተገረሙ አልመሰሉኝም። ጣሳውን አስቀመጡ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አፈሩን እኔ ለቀለቅኩት፣ እኔ ረጨሁት፣ ኩማ እላዩ ላይ ድኾ አደገ። ያ ፕላስቲክ ከተኛ አይለቀለቅ፣ አይረጭ። እኔ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ?»

ለኩማ ብነግረው በእናቱ ይቆጣ ነበር። ወለሉ ያልቃል፣ እሳቸው ግን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። እንደዚያ ባለ ቤት መግባት አልፈለግሁም።

«እማማ፣ መድረቁን እኔ አላውቅም። የእርስዎ እጅ ያውቀዋል። መዳፍዎን እያስቀመጡ ይዩትና ሲደርቅ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ጣሳቸውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ለኩማ ማስቲሹ ልክ እንደነበረ፣ እኔ ሳልለው ግን ንጣፍ እንዳይነካ ብቻ ነገርኩት። ለምን ብሎ ለመጠየቅም ደክሞት ነበር።

ጾሙ ተጋመሰ፤ ከእማማ ቦጋለች ወሬ የለም። መርጨታቸውን ቢቀጥሉ ማንም አያውቅባቸውም። ዕድሌን ወለሉን ላልፈለጉ ሴት እጅ ሰጠሁ እያልኩ ስብሰለሰል ሆሳዕና ደረሰ።

በማግስቱ እማማ ቦጋለች ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው መደብሩ በር ላይ ቆሙ። አጎቴ ለመቀመጫ ሲጣደፍ አልተቀመጡም።

«ጎጌራ» አሉ፤ «ደርቋል። ረጭቼው አላውቅም ካንቺ ወዲህ። ማስቲሹን ስጪኝና ሽማግሌዎቹን ልጥራ።»

አጎቴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። እኔ የማስቲሹን ጣሳ ከላይኛው መደርደሪያ ላወርድ በርጩማ ላይ ወጣሁ። እዚያው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።